ጣሪያችን ከላይኛው ቤት በሚወርድ ውሃ ተበላሸ፤ ጥገናው ከየት ይጀመር? ስንትስ ያስወጣል?

የ2ኛ ፎቅ እናት | ነሐሴ 8 ቀን 2016

ሰላም ጤና ይስጥልኝ። የምንኖረው ጎተራ ኮንዶሚኒየም 2ኛ ፎቅ ነው። መጋቢት ላይ በመታጠቢያ ቤቱና በልጆቹ መኝታ መካከል ባለው ኮርኒስ ላይ የስኒ አፍ የምታህል ቢጫ ምልክት አየሁ። አስቀባሁት። በወሩ ሰፌድ አክሎ ተመለሰ። ሰኔ ላይ ሌላ ቀቢ ጠርቼ በስቱኮ አስደፍኜ እንደገና አስቀባሁ። ለሁለቱ ጊዜ 10,600 ብር ወጣ። አሁን ልስኑ ሆዱን ነፍቶ ሊወድቅ ደርሷል፣ ከአምፖሉ ጎን ጠብ ጠብ ይላል፣ የልጆቹ የቺፑድ ቁም ሳጥን ከሥሩ አብጦ በሩ አልዘጋ ብሏል። ትንሿ ልጄ አስም ስላለባት ከሁሉ በላይ የሚያስጨንቀኝ የሻጋታው ሽታ ነው።

ላይ ያሉት ተከራዮች ናቸው። ጥሩ ሰዎች ናቸው፣ ግን «እኛ ጋ ወለሉ ደረቅ ነው፣ የሚፈስ ነገር የለም» ይላሉ። የቤቱ ባለቤት አሜሪካ ነው። ሁለት ባለሙያ ጠይቄ ነበር። አንደኛው ልስኑን አንስቶ ለመለሰንና ለመቀባት 18 ሺህ ብር አለኝ። ሁለተኛው የላይኛው መታጠቢያ ቤት ሴራሚክ በሙሉ ካልተነሳ ሌላው ሥራ ከንቱ ነው ብሎ 95 ሺህ ጠራ። ማንን ልመን? ሐምሌ ላይ የውጭ ምንዛሪው ለገበያ ከተለቀቀ ወዲህ ደግሞ የዕቃ ዋጋ በሄድኩ ቁጥር ሌላ ነው የሚነግሩኝ። ለሦስተኛ ጊዜ ገንዘቤን ከመበተኔ በፊት የደረሰበት ሰው ካለ እባካችሁ ንገሩኝ።

ሳኒተሪ ሠራተኛ | ነሐሴ 8 ቀን 2016

እህቴ አይዞሽ። በሳኒተሪ ሥራ 19 ዓመቴ ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ የምሠራው ኮንዶሚኒየም ነው። የሌላውን በኋላ፤ ዛሬውኑ የዚያን ክፍል ብሬከር አውርጂ። ውሃ በአምፖል በኩል ከወረደ ማብሪያ ማጥፊያውን መንካት ራሱ አደጋ ነው። ከነፋው ልስን ሥር ማንም እንዳይተኛ፣ አልጋውን አንሺ። እርጥብ ልስን ከባድ ነው፤ ሲወርድ አያስጠነቅቅም።

ከዚያ በኋላ አትቀቢ፣ አታስለስኚ። ሁለቱም ዋጋ የጠሩልሽ ውሃው ከየት እንደሚመጣ ሳያዩ ነው። 18 ሺው ለሦስተኛ ጊዜ ያበላሽብሻል፤ 95 ሺው ምናልባት የማያስፈልግ ሥራ ነው።

ውሃ ከላይኛው ቤት የሚመጣው ወይ ከመጋቢው ቧንቧ፣ ወይ ከፍሳሽ ቱቦው፣ ወይ ደግሞ ወለሉ ራሱ እያሳለፈ ነው። ሦስቱን መለየት ይቻላል፤ ብዙ ወጪም የለውም። ውሃ በሚመጣበት ቀን የላይኛዎቹን ተከራዮች ለምኚያቸውና ቧንቧቸውን በሙሉ ይዝጉ፣ የሽንት ቤቱን ታንከር ጨምሮ። ሮቶ ካላቸው ወደ ሮቶው የሚወስደውንም ይዝጉ። ከዚያ የእነሱን ቆጣሪ ሄደሽ እዪ። መሐል ያለችው ትንሽ ጎማ ከዞረች መጋቢ ቧንቧ ላይ ቀዳዳ አለ። ካልዞረች መጋቢው ጤነኛ ነው፤ ችግሩ ፍሳሹ ወይም ወለሉ ነው ማለት ነው። ከሮቶ ወደ ቤት የሚመጣው መስመር ግን በቆጣሪ ስለማያልፍ ለብቻው ይታያል፤ የሮቶው ውሃ ከፍታ ላይ ምልክት አድርጎ ማደርና ጠዋት ማየት ነው።

ሁለተኛው ሙከራ፦ የመታጠቢያ ቤቱን ፍሎር ድሬን (ወለሉ ላይ ያለውን የፍሳሽ መውጫ) በጨርቅና በላስቲክ አጥብቀው ይድፈኑ፤ ወለሉ ላይ ሁለት ሦስት ሴንቲ ውሃ ያቁሙ፤ ጥቂት የምግብ ቀለም ይጨምሩበትና አንድ ቀን ሙሉ ይቆይ። አንቺ ባልዲ አስቀምጠሽ ሰዓት ትመዘግቢያለሽ። ምንም ካልመጣ ድፍኑን ንቀሉት፤ ከዚያም ሰዓቱን ያዢ።

ተከራዮቹ «ወለላችን ደረቅ ነው» ቢሉሽ አትቀየሚያቸው። የብዙዎቹ ኮንዶሚኒየሞች ፎቅ ድፍን ኮንክሪት አይደለም። ቀድመው በተሠሩ ቀጫጭን የኮንክሪት ቢሞች መካከል ሆዱ ክፍት የሆነ ብሎኬት ተደርድሮ ከላይ ስስ ኮንክሪት የተሞላ ነው። ውሃው ብሎኬቱ ሆድ ውስጥ ገብቶ ይጠራቀማል፣ ከአንዱ ወደ ሌላው ይሻገራል፣ ደካማ ቦታ ሲያገኝ ይወርዳል። ስለዚህ አንቺ ጋ የሚንጠባጠብበት ቦታና እነሱ ጋ የተሰበረበት ቦታ ሁለትና ሦስት ሜትር ሊራራቅ ይችላል። ላይኛው ቤት አንዲት ጠብታ ሳያዩ ታችኛው ቤት ሲበሰብስ ስንቱን አየሁ መሰለሽ።

የፒያሳ ልጅ | ነሐሴ 9 ቀን 2016

እኛ ቤት እንዲህ ሲሆን በሩንና መስኮቱን ዘግተን ሁለት ምድጃ ከሰል አቀጣጥለን ነበር ያደረቅነው። በሦስት ቀን ደረቀ። በረኪና ደግሞ በደንብ ከሴራሚክ ማጽጃ አሲድ ጋር ብትቀላቅዪው ሻጋታውን ድራሹን ያጠፋዋል።

ነርስ ነኝ | ነሐሴ 9 ቀን 2016

ወንድሜ፣ አስበህ እንደጻፍክ አውቃለሁ፤ ግን ሁለቱም ሰው ይገድላል። በተዘጋ ክፍል የሚነድ ከሰል ካርቦን ሞኖክሳይድ ያወጣል፤ ሽታ የለውም፣ ሰው እንቅልፍ የወሰደው መስሎት ይሞታል። በየክረምቱ እኛ ጋ የሚመጡትን ቤተሰቦች ብታይ ይህን አትመክርም ነበር። በረኪና ከአሲድ ጋር ሲቀላቀል ደግሞ ክሎሪን ጋዝ ይወጣል፤ ጤነኛውን ሰው ሳንባውን ያቃጥለዋል፣ አስም ያለባትን ሕፃንማ አስቡት።

እናቷ፣ ልጅሽ ሌላ ክፍል ትተኛ። ሻጋታውን ስታጸጂ በደረቁ አትጥረጊው፣ አቧራው ይበተናል። በሳሙና ውሃ የራሰ ጨርቅ፣ ጓንት፣ የአፍና የአፍንጫ መሸፈኛ፣ መስኮት ክፍት። የሻገተው ልስን ከተፈረፈረ አይታጠብም፤ ይነሳል። የረጠቡ ፍራሽና ደብተሮች ካሉ ደግሞ ሻጋታ በሁለት ቀን ውስጥ ስለሚጀምር ፀሐይ ሲገኝ አውጪያቸው፤ ፍራሹ ውስጡ ድረስ ከሸተተ አትራሪለት።

የ2ኛ ፎቅ እናት | ነሐሴ 20 ቀን 2016

ጋሼ ሳኒተሪ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ፤ እንዳሉኝ አደረግን። የላይኛዋ ተከራይ መጀመሪያ ቅር ብሏት ነበር። ቡና አፍልቼ ጠራኋትና የልጆቹን ክፍል አሳየኋት። ጣሪያውን ቀና ብላ እንዳየች «ይሄ ሁሉ ከእኛ ነው?» ብላ ደነገጠች። ከዚያ በኋላ ከእኔ ይልቅ እሷ ናት ነገሩን የያዘችው።

ማክሰኞ ማታ ውሃ ሲመጣ ሁሉን ዘግተን ቆጣሪውን አየን፤ ትንሿ ጎማ አልተንቀሳቀሰችም። የሮቶውም ውሃ ካደረበት ምልክት ንቅንቅ አላለም። ቅዳሜ ከጠዋቱ 2 ሰዓት ላይ ድሬኑን ደፍነን ቀይ የምግብ ቀለም የጨመርንበት ውሃ ወለሉ ላይ አቆምን። ቀኑን ሙሉ ምንም የለም። ሌሊትም የለም። እሑድ ጠዋት 2 ሰዓት ተኩል ላይ ድፍኑን ነቀለችው። 25 ደቂቃ አልሞላም፤ አምፖሉ ጎን ጠብ፣ ጠብ፣ ጠብ። ባልዲው ውስጥ የወረደው ሮዝ ነበር።

አሁን ሳስበው ረቡዕና ቅዳሜ የሚብሰው ማክሰኞና ዓርብ ማታ ውሃ ስለሚመጣ ነው። እሷ በማግስቱ ልብስ ታጥብና ውሃውን እዚያው ወለል ላይ ትደፋለች።

ሳኒተሪ ሠራተኛ | ነሐሴ 20 ቀን 2016

እንዲህ ያለ ንጹሕ ሙከራ ከባለሙያም አይቼ አላውቅም። በቃ፣ ታወቀ። መጋቢው ጤነኛ ነው፣ ወለሉም ውሃ ይይዛል፤ የሚያፈሰው ድሬኑ ከፍሳሽ ቱቦው ጋር የሚገናኝበት አንገት ነው። ሕንፃው ሲሠራ ብዙ ቦታ የፒቪሲው ቱቦ አጭር ይቆረጥና ክፍተቱ በሲሚንቶ ብቻ ይሞላል፤ ከዓመታት በኋላ ሲሚንቶው ይሰነጠቃል።

ሴራሚኩ በሙሉ አይነሳም። በድሬኑ ዙሪያ 60 በ60 ሴንቲ ያህል ብቻ ይከፈታል። የድሮው አንገት ተቆርጦ ይወጣል፤ ወደ ቱቦው ጠልቆ የሚገባ አዲስ ፒቪሲ በማጣበቂያ ይገባል፤ ዙሪያው ሲደርቅ በማይኮማተር ሞርታር ይሞላል፤ ከላይ ዋተር ፕሩፍ (ውሃ የማያሳልፍ ቅብ) ሁለት እጅ ይቀባል። ሁለተኛው እጅ የሚቀባው የመጀመሪያው ከደረቀ በኋላ ነው፤ ሠራተኛው ሊሄድ ቸኩሎ በአንድ ቀን ሁለቱን እንዳይደራርብ ቁጭ ብለሽ አስጠብቂ። ሴራሚኩ ከመመለሱ በፊት ያንኑ የውሃ ሙከራ ድገሙት፤ ከተዘጋ በኋላ ቢገኝ እንደገና ማፍረስ ነው። መሮው ወደ ቢሙ እንዳይሄድም ለግንበኛው ንገሪው።

ባለ 4ኛ ፎቅ | ነሐሴ 21 ቀን 2016

በጋሼ ሐሳብ ሙሉ በሙሉ አልስማማም። እኔም እንዲህ በትንሹ አስጠግኜ በ8 ወሩ ከሌላ ማዕዘን ፈሰሰ። መጨረሻ ላይ የመታጠቢያ ቤቱን ወለል በሙሉ አስነሳሁ፤ በ2015 ዓ.ም. 88 ሺህ ብር ወጣብኝ። ቀድሜ ባደርገው የመጀመሪያውን ወጪ አተርፍ ነበር። ቤቱ ካረጀ አንዴ ጨክኖ መጨረስ ይሻላል።

ሳኒተሪ ሠራተኛ | ነሐሴ 21 ቀን 2016

ወንድሜ፣ የአንተ ወለሉ ራሱ ያሳልፍ ነበር፤ ውሃ አቁመህ ብታይ ያኔውኑ ይታወቅህ ነበር። የእሷ ወለል ሃያ አራት ሰዓት ውሃ ይዟል። የያዘን ወለል ማንሳት የሰው ገንዘብ ማባከን ነው፤ ሲነሳ የሚፈጠረው ንቅናቄ ደህና የነበረውን ቧንቧ ሊያላላም ይችላል።

ሙሉ ማንሳት ግድ ሲሆን ግን እንዴት እንደሚሠራ ልጻፈው፤ የሚያነብ አይጠፋም። ሴራሚኩና ከሥሩ ያለው ሙሌት እስከ ኮንክሪቱ ይነሳል። ወለሉ ወደ ድሬኑ ዝንባሌ ይሰጠዋል፤ በአንድ ሜትር ከአንድ እስከ ሁለት ሴንቲ ዝቅ ማለት አለበት። ግድግዳና ወለል የሚገናኙበት ማዕዘን ላይ መረብ ጨርቅ ተነጥፎ ዋተር ፕሩፉ በዚያ ላይ ይቀባል፤ ብዙ ጊዜ የሚሰነጠቀው ማዕዘኑ ስለሆነ። ወለል ላይ ብቻ አይቀርም፤ ግድግዳውን ሁለት ስንዝር ያህል ይወጣል፣ ሻወር ባለበት በኩል ከሰው ቁመት በላይ። ከደረቀ በኋላ ውሃ ቆሞበት ያድራል። ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው ሴራሚክ። ርካሽ ዋጋ የሚጠሩ ሰዎች ብዙ ጊዜ የሚዘሉት መረቡንና ሙከራውን ነው፤ ስምምነት ስትጽፉ ሁለቱን በስማቸው አስገቧቸው።

የኮሚቴ ጸሐፊ | ነሐሴ 23 ቀን 2016

የሌላ ሳይት የቤት ባለቤቶች ማኅበር ጸሐፊ ነኝ፤ በሙያዬ ደግሞ የሕግ ባለሙያ ነኝ። ወጪውን ማን ይሸፍናል የሚለውን ቢያውቁት ይጠቅምዎታል።

በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 2077 የሕንፃ ባለቤት ሕንፃው ላደረሰው ጉዳት ኃላፊ መሆኑን ይደነግጋል፤ ጉዳቱን አስቀድሞ ሊያውቀው የማይችል ቢሆንም። ስለዚህ «እኔ አላወቅሁም፣ አሜሪካ ነበርኩ» ማለት ባለቤቱን ነፃ አያወጣውም። ተከራይ የሚጠየቀው በራሱ ጥፋት ሲሆን ነው፤ ለምሳሌ ውሃ በሌለበት ሰዓት ቧንቧ ከፍቶ ትቶ ሥራ ሲሄድ። ይኸኛው ዓይነት በከተማችን ስንት ቤት እንዳጥለቀለቀ የማኅበር ኮሚቴ የሆነ ሁሉ ያውቃል። የኮንዶሚኒየም አዋጅ ቁጥር 370/1995 ደግሞ የግል የሆነውንና የጋራ የሆነውን የሕንፃ ክፍል ይለያል። ፍሳሹ የተሰበረው ሁሉም ቤት የሚጠቀምበት ቀጥ ብሎ የሚወርደው ዋና ቱቦ ላይ ቢሆን ኖሮ ወደ ማኅበሩ ነበር የሚሄዱት። የእርስዎ ግን የአንድ ቤት ድሬን ነው።

ፎቶና ቪዲዮ ቀን እንዲያሳይ አድርገው ይያዙ። የሙከራውን ቀንና ሰዓት በአንድ ወረቀት ጽፈው ተከራይዋ እንድትፈርምበት ይጠይቋት። ለቀለም ያወጡትን ደረሰኝ አይጣሉ። ከውል ውጭ የሆነ የካሳ ጥያቄ ጉዳቱ በደረሰ በሁለት ዓመት ውስጥ ካልቀረበ በይርጋ ይታገዳል። ይህን ሁሉ የምልዎት ወደ ፍርድ ቤት ይሩጡ ብዬ አይደለም። ለመነጋገር ሲቀመጡ ባዶ እጅዎን እንዳይሆኑ ነው። እኔ ካየኋቸው አብዛኛው ያለቀው በሦስት ሽማግሌና በአንድ ቃለ ጉባኤ ነው።

ከሲልቨር ስፕሪንግ | ነሐሴ 24 ቀን 2016

እኔ በሌላኛው ወገን ነኝና ልናገር። አሜሪካ፣ ሜሪላንድ ነው የምኖረው፤ ሰሚት ያለኝን ኮንዶሚኒየም አከራይቻለሁ። የዛሬ ሦስት ዓመት ከታች ያሉት እናት በሌሊት ደውለው «ልጄ፣ ቤትህ ቤቴን አፈረሰው» አሉኝ። እውነቱን ለመናገር አላመንኳቸውም። ከውጭ ያለን ሰዎች ላይ ብዙ ስልክ ይደወላል፤ ሁሉም ገንዘብ ላክ ነው። ሁለት ወር ዝም አልኩ። በእነዚያ ሁለት ወራት ጉዳቱ በእጥፍ ጨመረ። ዛሬም ስማቸው ስልኬ ላይ ሲመጣ ያሳፍረኛል።

ያሳመነኝ ቪዲዮ ነው። ወንድሜ ሄዶ ልክ እዚህ እንደተጻፈው ድፍኑ ሲነቀልና ታች ሲንጠባጠብ ሳይቆርጥ ቀረጸልኝ። ስለዚህ ለባለቤቱ ልመናም ቁጣም አትላኪ፤ የሙከራውን ቪዲዮ፣ ለላይኛውና ለታችኛው ሥራ በዝርዝር የተለየ ዋጋ፣ እና ሥራውን የሚቆጣጠርለት እሱ የሚያምነው ሰው እንዲልክ ጥያቄ ላኪ። ሦስተኛው ከሁሉ ይበልጣል።

እኛ እዚህ ይህን የምናየው በኢንሹራንስ በኩል ነው። ድንገት የፈነዳ ቧንቧ ያደረሰውን ጉዳት የቤት ኢንሹራንስ አብዛኛውን ጊዜ ይከፍላል፤ ለወራት ቀስ እያለ የፈሰሰውን ግን «ጥገና ጉድለት ነው» ብሎ ይመልሳል፤ የጎርፍ ደግሞ ለብቻው የሚገዛ ነው። የማድረቂያ ኩባንያዎቹ ሲመጡ መጀመሪያ የሚያወጡት የእርጥበት መለኪያ ነው። ግድግዳው የጂፕሰም ቦርድ ስለሆነ የራሰውን ቆርጠው ይጥላሉ፤ ትልልቅ ማራገቢያና እርጥበት መጣጭ ማሽን ለቀናት ያስቀምጣሉ፤ መለኪያው ደርቋል ሳይል ማንም ቀለም አይነካም። እዚያ የእኛ ቤት ሲሚንቶና ብሎኬት ነው፤ ማሽኑ ባይኖርም ቅደም ተከተሉ ግን ያው ነው።

ግንበኛና ቀቢ | ነሐሴ 26 ቀን 2016

እህታለም፣ የውስጡን ሥራ በተመለከተ እኔ ልጨምር። ውሃው ቆመ ብለሽ በማግስቱ እንዳታስለስኚ። ብሎኬቱ ሆድ ውስጥ የተጠራቀመው ለሳምንታት ይወርዳል። የነፋውን ልስን እስከ ደህናው ድረስ አስነሺና ክፍት ተዪው። አሁን ነሐሴ ነው፤ አየሩ ራሱ ውሃ ነው። መስከረም አጋማሽ ካለፈ፣ ጥቅምት ላይ ነፋሱና ፀሐዩ ሲመጣ መስኮት መክፈት ብቻ ይበቃሻል። ክረምት ላይ የተቀባ እርጥብ ግድግዳ በበጋ ይላጣል።

መድረቁን በዓይን አትመኚ። የላስቲክ ወረቀት ሁለት ስንዝር በሁለት ስንዝር ቆርጠሽ አራቱንም ጎን በፕላስተር ኮርኒሱ ላይ አጥብቀሽ ለጥፊው። በማግስቱ ስታነሺው ውስጡ ላብ ካለው ገና ነው።

ነጭ ዱቄት የመሰለ ነገር ይወጣል፤ እሱ ከሲሚንቶው የሚወጣ ጨው ነው። በውሃ ካጠብሽው ተመልሶ ይገባል፤ በደረቅ ብሩሽ ነው የሚነሳው። ቢጫው ምልክት ደግሞ በፕላስቲክ ቀለም ምንም ያህል ብትደራርቢበት ዘልቆ ይወጣል። ሁለቱ ቀቢዎችሽ የሳቱት አንዱ ይህ ነው። መጀመሪያ ምልክቱ ላይ ብቻ የዘይት ቀለም አንድ እጅ ይቀባል፣ ሲደርቅ ስቱኮ፣ ከዚያ ፕላስቲክ ቀለም።

ልስኑ ሲነሳ ፈሮ ካየሽ ግን ቀጥ በዪ። ቡናማ ዝገት ካለውና ኮንክሪቱን ገፍቶ ከሰነጠቀው እሱ የቀቢ ሥራ አይደለም፤ መሐንዲስ ይየው። ፈሮ ሲዝግ ያብጣል፣ ሲያብጥ ኮንክሪቱን ያፈነዳዋል።

የአያቴ ቤት | ነሐሴ 28 ቀን 2016

ከርዕሱ ትንሽ ወጣ ልበልና፣ የእኛ ቤት ጭቃ ቤት ነው፤ ጉለሌ። አሸንዳው ተቀድዶ ውሃው በግድግዳው ላይ እየወረደ የታችኛው ልስን ወደቀ። ሠራተኛው በሲሚንቶ ልለስነው፣ ለዘለዓለም ይገላግልሃል ይለኛል። ልስማው?

ግንበኛና ቀቢ | ነሐሴ 28 ቀን 2016

አትስማው። መጀመሪያ አሸንዳውን ቀይር፤ ከግድግዳው ሥርም ውሃ የሚሸሽበት ቦይ አውጣ። ጭቃና ጭድ ይተነፍሳል፤ ሲሚንቶ አይተነፍስም። እርጥበቱ ከኋላው ይታፈንና እንጨቱን ያበሰብሰዋል፤ ሲሚንቶውም ጭቃውን ስለማይዝ በቁራጩ ይወድቃል። እንደ አያቶችህ ጭቃውን ከጭድ ጋር አቡክተህ፣ ደህና አድርገህ አስቦክተህ ለስነው። ርካሽም ዘላቂም እሱ ነው።

የ2ኛ ፎቅ እናት | ታኅሣሥ 11 ቀን 2017

ሁላችሁም እንዴት ሰነበታችሁ። ብዙ ሰው በውስጥ መስመር «ምን ደረሰ?» ብሎ ስለጠየቀኝ ሁሉንም በአንድ ላይ ልጻፍ።

ለባለቤቱ ቪዲዮውን በተከራይዋ በኩል ላክንለት። አራት ቀን ዝም አለ፤ ልቤ ተሰበረ። በአምስተኛው ቀን የአክስቱን ልጅ ላከ፤ ልጁ ራሱ ሙከራውን ድገሙልኝ አለ፤ ደገምንለት። በዚያው ማታ ባለቤቱ በቪዲዮ ደውሎ «እናቴ፣ ይቅርታ» አለኝ። እኔ ደግሞ ለንግግር ያዘጋጀሁት ሁሉ ከአፌ ጠፋ።

የላይኛው ሥራ መስከረም 12 ተጀምሮ ከነማድረቂያው አምስት ቀን ፈጀ። ሲከፈት ጋሼ እንዳሉት ነው፤ ድሬኑ ከቱቦው ጋር ጣት በምታስገባ ክፍተት ተለያይቷል። ለሠራተኛ 7,000 ብር፣ ለድሬኑ፣ ለፒቪሲው፣ ለሲሚንቶው፣ ለዋተር ፕሩፉና ለሴራሚክ ማጣበቂያው 5,850 ብር፤ በድምሩ 12,850 ብር።

ከተጠገነ በኋላ ግን 11 ቀን ሙሉ መንጠባጠቡን አላቆመም። አልቅሼ ነበር። ጋሼን በስልክ ስጠይቃቸው «የድሮው ውሃ ነው፤ ከብሎኬቱ ሆድ ውስጥ አውጪው» አሉኝ። ግንበኛው ኮርኒሱን በመዶሻ እጀታ እያንኳኳ ባዶ የሚጮኸውን ለየ፤ ከቢሙ ርቆ የብሎኬቱን ሆድ በቀጭን መሰርሰሪያ በሦስት ቦታ በሳው። ከአንዱ ቀዳዳ ብቻ ባልዲ ሙሉ ሊደርስ ምንም ያልቀረው ቆሻሻ ውሃ ወረደ። የልጆቼ ራስ ላይ ተንጠልጥሎ የኖረው ያ ውሃ ነው። በማግስቱ ነጠብጣቡ ቆመ።

ከዚያ ጥበቃ። የላስቲኩን ሙከራ አምስት ጊዜ አድርጌያለሁ። ጥቅምት 6 ላብ ነበረው፣ ጥቅምት 20 በጥቂቱ፣ ኅዳር 3 ደረቅ። ፈሮው ላይ ትንሽ ዝገት ብቻ ነበር፤ ኮንክሪቱ አልተሰነጠቀም። ጎረቤታችን የሆነ መሐንዲስ አይቶ በሽቦ ብሩሽ አጽድቶ የዝገት መከላከያ መቀባት ይበቃዋል አለ። የእኔ ቤት ወጪ እንዲህ ነው፦ የተበላሸውን ልስን ማንሳትና ቆሻሻውን ማውረድ 3,500፣ አዲስ ልስን ከነዕቃው 6,200፣ ስቱኮና ቀለም ከነቀቢው 9,400፣ ኤሌክትሪሻን ሽቦውንና የአምፖል መያዣውን ለመቀየር 1,800፤ ድምሩ 20,900 ብር። ይህንንም የላይኛውንም የቤቱ ባለቤት ከፈለ። ቁም ሳጥኑን እኔ ቻልኩት፤ ያበጠ ቺፑድ አይመለስም፤ አናጢው የታችኛውን ክፍል ቆርጦ ጥሎ በእንጨት ተካውና ከወለሉ አራት ጣት ከፍ የሚያደርግ እግር አደረገለት፤ 6,500 ብር። መጀመሪያ ለሁለት ቀለም ያወጣሁትን 10,600 ብር አልጠየቅሁም። ከላይኛው ጥገና ሙሉ ወጪ ብዙም የማያንስ ገንዘብ ነበር።

ልጄ ከኅዳር 20 ጀምሮ ወደ ክፍሏ ተመልሳለች።

ባለ 4ኛ ፎቅ | ታኅሣሥ 11 ቀን 2017

እንኳን ደስ አለሽ። ከልቤ ነው። አንድ ጥያቄ፦ ላይ የተነሳው ሴራሚክ ተመሳሳዩ ከየት ተገኘ? እኔን ሙሉ ወለል ለማንሳት ያስወሰነኝ አንዱ ምክንያት እሱ ነበር፤ ያ ዓይነት ገበያ ላይ ጠፍቶ ነበር።

የ2ኛ ፎቅ እናት | ታኅሣሥ 12 ቀን 2017

እኛም መርካቶ ዞረን አጣነው። ግንበኛው ከበሩ ኋላ ካለው ማዕዘን አራት ሴራሚክ ሳይሰበር አነሳና ድሬኑ ዙሪያ ተጠቀመበት፤ ከበሩ ኋላ ደግሞ ተቀራራቢ ነጭ ተለጠፈ። በሩ ሲከፈት አይታይም። የድሬኑ ወንፊት ግን አሁን የሚነቀል ነው፤ ተከራይዋ በየሳምንቱ ፀጉሩን ታወጣለች፤ ረቡዕ ልብስ ስታጥብ «ታች ደህና ነው?» ብላ ትደውልልኛለች።

ሳኒተሪ ሠራተኛ | ታኅሣሥ 12 ቀን 2017

ድሬኑ ውስጥ ያለው ውሃ ሲደርቅ የፍሳሽ ሽታ ይመጣልና፣ ወደ ክፍለ ሀገር ለበዓል ከሄዱ አንድ ጆግ ውሃ አፍስሰውበት ይሂዱ በዪልኝ። የበሳችኋቸው ሦስቱ ቀዳዳዎች ላይ አዲሱን ልስን ስታዪ ምንም ምልክት ከሌለ ለእኔ መጻፍ አያስፈልግሽም። ካለ ግን በምንም ሰዓት ደውዪ።